የህፃናት ክፍልን በአንድ ዓመት እንዴት ማሳደግ ይቻላል? ከከተማው ጫፍ የተጻፈ

የህፃናት ክፍል ኃላፊ ያደረገኝ የሹመት ደብዳቤ የደረሰኝ ሰኔ መጨረሻ ላይ ነበር። ወደ ዋርድ ስገባ ሁሉም «እንኳን ደስ አለህ ዶክተር» አለኝ። አንዲት አንጋፋ ሲስተር ብቻ ቀና ብላ አየችኝና «እግዚአብሔር ይሁንህ» አለች። ነገሩ የገባት እሷ ነበረች።

ሆስፒታላችን የዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው። ግን አዲስ አበባ የምታልቅበት ቦታ ላይ ነው ያለው። ከቃሊቲ ወዲያ በሉት፣ ከቡራዩ ወዲያ በሉት፣ ለዚህ ጽሑፍ ልዩነት የለውም። በአንድ በኩል ገና ቀለሙ ያልደረቀ ኮንዶሚኒየም፣ በሌላ በኩል የጤፍ ማሳ። እናቶች ከሁለቱም ይመጣሉ፤ በባጃጅ፣ በአይሱዙ ጋቢና፣ አንዳንዴም ልጃቸውን አዝለው በእግራቸው፣ ከጤና ጣቢያ የተሰጣቸውን የሪፈር ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው። ይህን ክፍል አንድ ዓመት መራሁት። የተሳካልኝ አለ፣ ያልተሳካልኝም አለ። እናንተም ላይ እንዲህ ያለ ኃላፊነት ከወደቀ ሥራውን ከየት እንደምትጀምሩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሌሊቱን እዩት

በመጀመሪያው ሳምንት ስትራቴጂክ ዕቅድ አስገቡ ይሏችኋል። እሺ በሉና ለጊዜው ተዉት። ይልቅ ሦስት ሌሊት እደሩ። አንዱ የሥራ ቀን ይሁን፣ አንዱ ቅዳሜ፣ አንዱ የበዓል ዋዜማ። ዲዩቲ ገብታችሁ አይደለም። ወንበርና ደብተር ይዛችሁ፣ ጥግ ላይ ቁጭ ብላችሁ ለማየት ብቻ። ቀን ላይማ ሁሉም ክፍል ጥሩ ነው። ሲኒየሩ አለ፣ ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም) አለ፣ ተማሪው ግድግዳ እስኪገፋ ሞልቷል፣ ላቦራቶሪው ክፍት ነው። የክፍላችሁ እውነተኛ መልክ የሚታየው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው።

እኔ ባደርኩበት የመጀመሪያ ሌሊት አንድ የስምንት ወር ልጅ በሳንባ ምች መጣ። ደረቱ ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ፣ እያቃሰተ። የኦክስጅን ሲሊንደሩ ሙሉ ነበር። መክፈቻው ግን የለም። ነርሷ መሳቢያ ትከፍታለች፣ ኢንተርኑ (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪው) አልጋ ሥር ያያል፣ አባትየው መሀል ቆሞ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ያያል። ለካ ማታ ሲሊንደር የቀየረው ፖርተር ኪሱ ከቶት ማዋለጃ ክፍል ሄዷል። ተሮጦ መጣ። ልጁ ተረፈ፣ እግዜር ይመስገን። በማግስቱ መክፈቻውን በሲባጎ ከሲሊንደሩ ጋሪ ጋር አሰርነው። የዚያ ዓመት የመጀመሪያው ዕድገታችን ያ ሲባጎ ነው።

በሁለተኛው ሌሊት የድንገተኛ መድኃኒት ቁም ሳጥን ተቆልፎ አገኘሁት፤ ቁልፉን የያዘችው ሲስተር ፈረቃዋን ጨርሳ ቤቷ ተኝታለች። ስኳር መለኪያው አለ፣ ስትሪፑ አልቋል። የኦክሲሜትሩ (በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ) ጣት መያዣ የአዋቂ ስለሆነ የጨቅላ እግር ላይ አይቆምም፣ የሚያሳየውን ቁጥር ማንም አያምነውም። ይሄን ሁሉ ጻፉት። ከዚያ ገንዘብ የማይፈልገውን ለዩና በመጀመሪያው ወር ጨርሱት። ቁልፍ፣ ሲባጎ፣ በየፈረቃው የሚፈረም የርክክብ ወረቀት፣ በልጁ ኪሎ የተሠላ የድንገተኛ መድኃኒት ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ (እንቅልፍ ያጣ ኢንተርን በሌሊት ማባዛት የለበትም)። ለእነዚህ ጨረታ አያስፈልግም።

ሦስት ቁጥር ይበቃል

ሪፖርት እንደሆነ አያልቅም። ወደ ላይ የሚላከው ይላክ። ግድግዳ ላይ የምትለጥፉት ግን ሦስት ቁጥር ብቻ ይሁን። አንደኛ፣ በመጡ በ24 ሰዓት ውስጥ ስንት ልጆች ሞቱ። ሁለተኛ፣ ጨቅላዎች ኤንአይሲዩ (የጨቅላዎች ጽኑ ሕክምና ክፍል) ሲገቡ የሰውነታቸው ሙቀት ስንት ነበር። ሦስተኛ፣ በጠና የታመመ ልጅ ከግቢው በር እስከ መጀመሪያው ሕክምና ስንት ደቂቃ ወሰደበት።

በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚሞት ልጅ የሚናገረው ስለ መንገዱ፣ ስለ በሩና ስለ ድንገተኛ ክፍሉ ነው። በሦስተኛው ቀን የሚሞተው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ዋርዱ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ደምራችሁ «የሞት ምጣኔ» ካላችሁት የትኛውን በር እንደምትጠግኑ አታውቁም።

ጨቅላ ላይ ለምን እንደማተኩር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016ቱ ጥናት ይሄ ወደ 67 ወረደ። ትልቅ ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት ግን ከ49 ወደ 29 ነው የወረዱት። አንዱ በ60 በመቶ ገደማ ሲቀንስ ሌላው በ40 ነው የቀነሰው። ትልልቆቹን ክትባቱም፣ የጤና ኤክስቴንሽኗም፣ ጤና ጣቢያውም ደርሶላቸዋል። ጨቅላው ግን የሚድነው ወይም የሚሞተው በአብዛኛው እኛ እጅ ላይ ነው። አንድ ትርፍ ነርስ ካገኛችሁ ኤንአይሲዩ አስገቧት።

ሙቀቱን መለካት ስንጀምር ደነገጥን። ጤናማው ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ነው። የእኛዎቹ ብዙዎቹ ከዚያ በታች ሆነው ነው የሚገቡት፣ ያውም እዚሁ ግቢ ውስጥ ተወልደው! ማሞቂያ ይገዛልን የሚል ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀምጠን ነበር። አንዲት ነርስ «እስቲ መጀመሪያ መንገዱን እንሂደው» አለች። ሄድነው። ከማዋለጃው ወደ እኛ የሚያመጣው በረንዳ ክፍት ነው፣ ሐምሌ ነው፣ እዚህ ዳር ላይ ያለው ንፋስ ደግሞ ከሜዳው ሽው እያለ ነው የሚመጣው። ልጁ የሚመጣው በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨቅላው ደርቆ፣ ኮፍያ ተደርጎለት፣ አባት ወይም አክስት ደረት ላይ ገላ ለገላ ተደርጎ፣ ከላይ ጋቢ ተደርቦ ይመጣል። የማሞቂያውን ደብዳቤ በኋላ ጻፍነው።

በሩ ላይ ያለውን ሰው አስተምሩ

ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ሐኪም አይደለም። ጥበቃው ነው። ቀጥሎ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ። ቀጥሎ ወለል የምትወለውለው እትዬ። የዓለም ጤና ድርጅት ኢታት የሚባል የህፃናት ድንገተኛ ልየታ ሥልጠና አለው፤ ነርሶቻችሁንና ኢንተርኖቻችሁን በሙሉ አሠልጥኗቸው። ለጥበቃውና ለካርድ ክፍሉ ግን ግማሽ ሰዓትና አራት ነገር ይበቃል። ትንፋሹ የሚያስጨንቅ ወይም ከንፈሩ የጠቆረ። የሚያንቀጠቅጠው ወይም ሲጠሩት የማይነቃ። በተቅማጥ ዝሎ ዓይኑ የሰረጎደ። ዕድሜው ከሁለት ወር በታች የሆነ። ከእነዚህ አንዱን ያየ ሰው እናትየዋን «ሰልፍ ያዢ» አይላትም። እጇን ይዞ ያስገባታል።

እዚህ ላይ ጠብ አለ፣ ተዘጋጁ። «ካርድ ሳይወጣ አይታይም» የሚል ሰው ይመጣል፤ ሰውየው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ሂሳቡ ሲጎድል የሚጠየቀው እሱ ስለሆነ ነው። ስለዚህ በቃል አትጨቃጨቁ። በሜዲካል ዳይሬክተሩ የተፈረመ ደብዳቤ አስወጡና በአማርኛም በኦሮምኛም ካርድ መስኮቱ ላይ ለጥፉት።

ኦሮምኛን ያነሳሁት በአጋጣሚ አይደለም። ከተማው ዳር ላይ ያለ ሆስፒታል በየፈረቃው ልየታ ላይ ኦሮምኛ የሚችል ሰው ከሌለው ሕክምናው የሚጀምረው በተሳሳተ ታሪክ ነው። አንዲት እናት «ቶርባን ለማ» ብላው ተማሪያችን ሁለት ቀን ብሎ ጻፈ። ሁለት ሳምንት ማለቷ ነበር። የሁለት ቀን ሳል ሌላ ነው፣ የሁለት ሳምንት ሳል ግን ቲቢን ጠርጥር ይላል።

ኦክስጅን፣ ኦክስጅን፣ ኦክስጅን

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሰጠሁት ለዚህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልጻፍበት። መጀመሪያ ግምጃ ቤት ግቡ። «ተበላሽቷል» ተብሎ የተጣለውን ኮንሰንትሬተር (ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚያጣራ ማሽን) ሁሉ አውጡ። የባዮሜዲካል ባለሙያውን (የሕክምና መሣሪያ ጠጋኙን) ቡና ጋብዙት፣ በስሙ ጥሩት፣ ራውንድ ላይ አቁሙት። እኛ ጋ ከተጣሉት ውስጥ ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ እንጂ ሌላ በሽታ የሌለበት ተገኝቷል። የውጪውን ማጣሪያ በየሳምንቱ በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ አድርቆ መመለስ፣ ቀኑን ማሽኑ ላይ በፕላስተር ጽፎ መለጠፍ። ከጭነት መኪና መንገድ አጠገብ ከሆናችሁ ደግሞ ከሳምንትም ባነሰ ጊዜ።

አዲስ የምትገዙ ከሆነ መመሪያው ላይ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ አንብቡ። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቆላ ላይ ጥሩ የሆነ ማሽን እዚህ ሊደክም ይችላል። ባለ 10 ሊትሩን ከማከፋፈያ ጋር ግዙ። ለጨቅላ በደቂቃ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር፣ ከፍ ላለ ሕፃን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ስለሚበቃ አንዱ ማሽን አምስት ልጅ ያስተነፍሳል። ባለ 5 ሊትር ገዝቶ ለአንድ ልጅ ብቻ መሰካት ብክነት ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በሰዓት ለኩ፣ ያንን ያህል የሚያቆይ ሲሊንደር ሁሌም ሙሉ ይሁን። የጨቅላና የልጅ ጣት መያዣ ለብቻው እዘዙ፤ ኦክሲሜትር ከነጣት መያዣው እንጂ ብቻውን ዕቃ አይባልም።

የእርዳታ ዕቃ ሲመጣ ደስ ይበላችሁ፣ ግን ሶኬት ከመሰካታችሁ በፊት ቮልቱን እዩ። ለጨቅላ ቢጫነት ማከሚያ የሚሆን የብርሃን መሣሪያ መጣልን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ሰካነው፣ ጢስ አለና ሞተ። 110 ቮልት ነበር። የእኛ 220 ነው። ፎቶው ግን እስካሁን አለ።

ግዢ ደግሞ ወቅት አለው። በጀቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ጥያቄያችሁን ሐምሌ ላይ አስገቡ። መስከረም ላይ ካስታወሳችሁ ዓመቱን ሙሉ ትከተላላችሁ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ አንድ ቀን ስልክ ይደወላል፣ «ገንዘብ ተርፏል፣ እስከ ነገ ስፔሲፊኬሽን አምጡ» ይላሉ። ያን ቀን ከመሳቢያችሁ አውጥታችሁ የምትሰጡት ወረቀት ከሌለ ገንዘቡ ለወንበርና ለጠረጴዛ ይሄዳል። እኔ በመጀመሪያው ዙር ባዶ እጄን ተያዝኩ። ወንበሩ አለላችሁ።

የካንጋሮ ክፍሉ

ይሄን ያልጀመረ ካለ ነገ ይጀምር። ትንንሽ ሆነው የሚወለዱትን ገላ ለገላ እናት ደረት ላይ ማቆየት እ.ኤ.አ. በ1978 ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ የተጀመረ ነው፤ መነሻውም የማሞቂያ ሳጥን እጥረት ነበር። እዚሁ አዲስ አበባ ላይም ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር ቀድሞ የመጀመሩን ጥቅም ያጠኑበት ሥራ በ2005 ታትሟል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ምክር ደግሞ ልጁ «እስኪረጋጋ» ሳይጠበቅ ከተወለደ ጀምሮ ይደረግ ይላል።

ግን ሳይንሱን ማወቅ ሌላ፣ እናትን አንድ ሳምንት ማስቀመጥ ሌላ። እናት የምትሸሸው ልጇን ስለማትወድ አይደለም። ሽንት ቤቱ ሩቅ ስለሆነ፣ ወንበሩ ወገብ ስለሚሰብር፣ ምግብ ስለሌለ፣ ቤት ሌሎች ልጆች ስላሉ ነው። ወደኋላ የሚያጋድም ወንበር ፈልጉ። አጥሚት የሚያመጣ ዘመድ በማንኛውም ሰዓት ይግባ፤ ጥበቃው ይህን ይወቅ። ማሰሪያ አትግዙ፣ ነጠላ በቂ ነው፤ እናቶቻችን ልጅ ማሰር ከእኛ የተሻለ ያውቃሉ፣ በጀርባ የነበረውን በደረት ማድረግ ብቻ ነው። አያትየዋን አስቀድማችሁ አግባቡ። «እማማ፣ ይሄ ልጅ ገና ሆድ ውስጥ መሆን ነበረበት፣ የእናቱ ደረት ምትኩ ነው» ስትሏቸው ይገባቸዋል። ካልገባቸው ግን የፕሮፌሰርም ማብራሪያ አያድናችሁም።

ትምህርቱ

ማስተማሪያ ሆስፒታል ስለሆናችሁ ሲ ዋን፣ ሲ ቱ (ሆስፒታል ውስጥ መማር የጀመሩ የሕክምና ተማሪዎች)፣ ኢንተርን፣ ሬዚደንት ሁሉም አንድ አልጋ ይከባሉ። አንድ ልጅ በአንድ ጠዋት ከሁለት ተማሪ በላይ እንዳይመረመር ደንብ አውጡ፤ የታመመ ልጅ የማስተማሪያ አሻንጉሊት አይደለም። አሻንጉሊቱን ግዙና ማክሰኞ ማክሰኞ ለግማሽ ሰዓት ጨቅላ ማስተንፈስ ይለማመዱበት፣ ነርሶችም ጭምር። ያልተነፈሰ ጨቅላ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍስ ከረጢት) ሊደርሰው ይገባል። በሌሊት ያችን ደቂቃ የሚይዛት ሲኒየሩ አይደለም።

ሞርኒንግ ሴሽን (የሌሊቱ ሥራ የሚገመገምበት የጠዋት ስብሰባ) ላይ ሰው ማዋረድ ይቁም። እኛ በዚያ ነው ያደግነው፣ አውቃለሁ፤ ላብ በላብ ሆነን ነው የቆምነው። ግን የተዋረደ ኢንተርን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልክ አይደውልላችሁም። ይፈራችኋል። ልጁ እስኪነጋ ይጠብቃል። ለሞት ግምገማውም አንድ ሕግ ይበቃል፦ «ማን» የሚል ጥያቄ የለም፣ «ምን» እና «መቼ» ብቻ። አንድ ቀን ራሴ የጣስኩት እኔ ነኝ፤ ሲስተሯ እዚያው አስቆመችኝ፣ ደንቡ የጸናው በዚያ ቀን ይመስለኛል።

ምርምር ላይ ብዙ አልልም። ሬዚደንቱ ሦስት ዓመቱን ሲጨርስ የሚጽፈው ጥናት ከራሱ ዋርድ ጥያቄ ይነሳ። ፕሮፌሰር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በኢትዮ-ስዊድን የህፃናት ሆስፒታል የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ልጆች ካልያዛቸው 500 ጋር አስተያይተው፣ ሪኬትስ (ፀሐይ ባለማግኘት በሚመጣ የቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ) ያለበት ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ 13 እጥፍ ገደማ እንደሚሆን በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ አሳተሙ። ራጅና ጥሩ ጥያቄ ነው የፈለገው። ዛሬም ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተሸፋፍኖ የሚያድገውን ልጅ ሳይ ያ ጥናት ትዝ ይለኛል። ለእናቶች ጠዋት ፀሐይ አሙቁት ማለት አትርሱ።

ሰው ማቆየት

ሜትሮኗን (የነርሶች ኃላፊዋን) ለምኗት፤ ኤንአይሲዩ ላይ የሠለጠነች ነርስ ቢያንስ ዓመት ሳይሞላት አትዘዋወር። ጨቅላ ላይ ካኑላ መክፈት (ደም ሥር ውስጥ መርፌ ቱቦ ማስገባት) ለመልመድ ወራት ይፈጃል፣ ለማዘዋወር አንድ ደብዳቤ። ደመወዝ መጨመር አትችሉም። የሌሊት ሻይና ዳቦ ግን ትችላላችሁ፣ በር ያለው ማረፊያ ክፍልም እንደዚሁ። ጥቅምት ላይ የጥራት ኮሚቴ አቋቁሜ ነበር። ኅዳር ላይ ሞተ። ነፍስ ይማር። ሐሙስ ሐሙስ ዋርድ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ሦስቱን ቁጥሮች ቆመን ማየት ስንጀምር ግን ሁሉም መጣ።

የቀን መቁጠሪያም ሥሩ። ክረምት ላይ ሳልና ተቅማጥ ይበረታል፤ ኦአርኤስና ዚንክ ሰኔ ላይ ይግባ። በዓል ሲደርስ የፈላ ዘይትና ወጥ የሚያቃጥለው ልጅ አለ። ቆሎና ለውዝ ትንፋሽ ቧንቧ የሚዘጋበት አለ። በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ ላምባ፣ በሃይላንድ የተቀዳ በረኪና ውሃ መስሎት የሚጠጣ አለ። እንጥሉን ተቆርጦ እየደማ የሚመጣ ጨቅላም እስካሁን አለ። የበዓሉን ዲዩቲ ለአዲሱ ኢንተርን አትተዉ፤ አንድ በዓል ራሳችሁ ግቡ። ዶሮ ወጡ ከቤት ይመጣል።

ዓመቱ ሲያልቅ

ለሚተካችሁ ደብተር ተዉለት። የትኛው መጋዘን ሠራተኛ ቶሎ ይፈርማል፣ የትኛው ማሽን ሲመታ ብቻ ይነሳል፣ ማን በሌሊት ቢደወልለት አይቆጣም። ሪፖርቱ ውስጥ የማይገባውን ሁሉ።

ከዚያ ደግሞ ሦስቱን ሌሊት እደሩ። እኔ ሰኔ መጨረሻ ላይ ያንኑ ወንበር ይዤ ገባሁ። ቁም ሳጥኑ ክፍት ነው፣ ስትሪፑ አለ፣ ሠንጠረዡ ግድግዳው ላይ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ጥበቃው አንዲት እናት ይዞ እየሮጠ ገባና «ዶክተር፣ ይሄኛው አይጠብቅም» አለኝ። ነርሷ ወደ ኦክስጅኑ ዞረች። ጋሪው ተቀይሯል፣ ሲባጎው የለም። ፖርተሩ ከበሩ ላይ ሆኖ ኪሱን ዳበሰና መክፈቻውን አቀበላት። ሲነጋ ሲባጎ ፈልጌ እንደገና አሰርኩት።